ድንጋዩ ተጠግኗል፤ ዝማሬውስ?

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 2024 ምሽት የፓሪሱ ሊቀ ጳጳስ ሎሮን ኡልሪክ ከአምስት ዓመት ተኩል በላይ ተዘግቶ በቆየው የኖትር ዳም ካቴድራል መካከለኛ በር ፊት ቆመው ደጁን በጵጵስና በትራቸው መቱት። በትሩ ራሱ ከተቃጠለው ጣሪያ በተረፈ እንጨት የተሠራ ነበር። ሲመቱ ከውስጥ መዘምራኑ «ወደ እግዚአብሔር ቤት እንሂድ ባሉኝ ጊዜ ደስ አለኝ» የሚለውን መዝሙር እየዘመሩ መለሱላቸው፤ ሦስት ጊዜ ተመታ፣ ሦስት ጊዜ ተዘመረ፣ ከዚያ በሩ ተከፈተ። (መዝሙሩ በላቲኑ መጽሐፍ 121ኛው ነው፤ ሁለቱም የሰባ ሊቃናትን አቆጣጠር ስለሚከተሉ በእኛው ዳዊትም ቁጥሩ ያው ነው።) ካቴድራሉ መዳኑ ለዓለም የታወጀው በተዘጋ በር በኩል በተሰማ ድምፅ ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ኖትር ዳም በሚጻፈውና በሚነገረው ሁሉ «የካቴድራሉ ድምፅ ተመለሰ» የሚል አነጋገር ደጋግሞ ይሰማል። አነጋገሩ ያምራል፤ ቀረብ ብለን ስንመረምረው ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል። አንዱ የሕንፃው ድምፅ ነው፤ ይኸውም ማንኛውም ጩኸት፣ ሳልም ይሁን ጸሎት፣ በዚያ ግዙፍ የድንጋይ ቤት ውስጥ የሚያስተጋባበት መንገድ ነው። ሌላው በዚያ ቤት ውስጥ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የተዘመረውና ለምዕራቡ ዓለም ሙዚቃ መሠረት ከጣሉት አንዱ የሆነው የብዙ ድምፅ ዝማሬ፣ ማለትም ፖሊፎኒ ነው። የመጀመሪያው በመለኪያ መሣሪያ ይለካል፤ በአብዛኛውም ሊጠገን ይችላል። ሁለተኛው የሚኖረው የሚያውቁት ሰዎች እስካሉ፣ የሚዘመርበት በዓል እስካለ፣ ለሚዘምሩትም የሚከፍል እስከተገኘ ድረስ ብቻ ነው። ሁለቱን ማቀላቀል፣ በእኔ አስተያየት፣ ስለ ዛሬው ካቴድራል በሚደረገው ክርክርም ስለ ጥንቱ ዝማሬ በሚነገረው ታሪክም ወደ ስሕተት ይመራል።

ከሚለካው ልጀምር። ኤፕሪል 15 ቀን 2019 የተነሣው እሳት ከብዛቱ የተነሣ «ጫካው» ይባል የነበረውን የመካከለኛው ዘመን የኦክ እንጨት ጣሪያ አወደመ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቪዮሌ ለ ዱክ የተባለው አርክቴክት የሠራው ሾጣጣ ማማም ወድቆ ከጣሪያው ሥር ያለውን የድንጋይ ቅስት በሳው። ለጥገናው ከ150 አገሮች 340,000 ያህል ለጋሾች 846 ሚሊዮን ዩሮ ሰጡ። ጠጋኞቹ ሕንፃው ምን ይመስል እንደነበረ በትክክል ያውቁ ነበር፤ አንድሩ ታሎን የተባለው የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር በ2010 መላውን ካቴድራል በሌዘር ለክቶ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ነጥቦችን መዝግቦ ነበርና። ታሎን ራሱ ከእሳቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በ2018 ዐረፈ።

ብዙም ያልተነገረለት፣ ካቴድራሉ ምን ዓይነት ድምፅ እንደነበረውም ተመዝግቦ መቆየቱ ነው። ብራያን ካትዝ የተባለው የአኩስቲክስ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ከእሳቱ በፊት በ2010ዎቹ፣ ከእሳቱም በኋላ በ2020 የሕንፃውን ማስተጋባት ለክተዋል። ዘዴው ለመረዳት አይከብድም። በሕንፃው ውስጥ አንድ ቦታ ላይ የታወቀ ድምፅ ይለቀቃል፤ በሌሎች ቦታዎች የተተከሉ ማይክሮፎኖች ድምፁ ከግድግዳ፣ ከዓምድና ከቅስት እየተንጸባረቀ በምን ያህል ጊዜ እንደሚሞት ይቀዳሉ። ድምፁ በ60 ዴሲቤል እስኪቀንስ የሚወስደው ጊዜ የማስተጋባት ጊዜ ይባላል። በጥሩ የሲምፎኒ አዳራሽ ይህ 2 ሰከንድ አካባቢ ሲሆን ከእሳቱ በፊት በነበረው ኖትር ዳም ግን 6 ሰከንድ ያህል ነበር። ከእሳቱ በኋላ ቅስቱ በመበሳቱና የውስጡ ሁኔታ በመለወጡ ወደ 20 በመቶ ገደማ አጥሮ ተገኘ። ለእኔ ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ሌላኛው ውጤት ነው፤ በ1987 የተደረገውን ልኬት ከ2015ቱ ጋር ሲያነጻጽሩት፣ ምንም እሳት ሳይነሣ፣ የማስተጋባቱ ጊዜ 8 በመቶ ያህል ቀንሶ ነበር። ድንጋይ ድምፅ የሚውጠው እጅግ ጥቂት ነው፤ ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ ወንበርና በተለይም የሰው ገላና ልብስ ግን ብዙ ይውጣሉ። ስለዚህ የገና ሌሊት በሕዝብ የተሞላው ካቴድራልና ማክሰኞ ጠዋት ባዶውን ያለው ካቴድራል ለዘማሪ ሁለት የተለያዩ ቤቶች ናቸው።

ይህ እንግዲህ «ተመለሰ» በሚለው ቃል ላይ የመጀመሪያውን ጥያቄ ያስነሣል፤ የተመለሰው የየትኛው ዘመን ድምፅ ነው? ለጠጋኞቹ መልሱ ቀላል ነበር፤ እሳቱ ከመነሣቱ በፊት የነበረውን ይመልሳሉ። ለሙዚቃው ታሪክ ግን ያ በቂ አይደለም፤ ምክንያቱም ኖትር ዳምን በሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ስመ ጥር ያደረገው ዝማሬ ሲፈጠር ሕንፃው ዛሬ የምናውቀው ሕንፃ አልነበረም።

የኖትር ዳም ግንባታ በ1163 አካባቢ በጳጳሱ በሞሪስ ደ ሱሊ ዘመን ተጀመረ። በምሥራቅ በኩል ያለው፣ ካህናቱ የሚቆሙበትና ዋናው መንበር ያለበት ክፍል ቀድሞ ተጠናቀቀና መንበሩ በ1182 ተባረከ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በምሥራቁ በኩል ይቀደሳል፣ በምዕራቡ በኩል ድንጋይ ይጠረባል። በ1198 ዛሬ ጎብኚው ፎቶግራፍ የሚያነሣቸው ሁለት ማማዎች ገና አልነበሩም። እንዲያውም የኖትር ዳም ታላቁ የሙዚቃ ዘመን በአብዛኛው የግንባታ ዘመን ነው ማለት ይቻላል።

በዚያ ዘመን ስለዘመሩት ሰዎች የምናውቀው አሳፋሪ በሆነ መጠን ጥቂት ነው፤ ያውም ያገኘነው ስሙ ከማይታወቅ ሰው ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በፓሪስ የተማረ የሚመስል አንድ እንግሊዛዊ ስለ ሙዚቃ አንድ ጽሑፍ ትቶልናል፤ የኋላ ዘመን አሳታሚዎች ደራሲውን «ስሙ ያልታወቀው አራተኛ» ብለው ይጠሩታል። ይህ ሰው ሌኦኒን የተባለ መምህር ለዓመቱ በዓላት የሚሆን «ታላቅ የኦርጋኑም መጽሐፍ» (ኦርጋኑም በነባር ዜማ ላይ ሌላ ድምፅ የሚጨመርበት ዝማሬ ነው) እንዳዘጋጀ፣ ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው ፔሮቲን ደግሞ መጽሐፉን እያሳጠረና እያሻሻለ ብዙ የራሱን እንደጨመረበት፣ በአራት ድምፅ የሚዘመሩ ሁለት ታላላቅ ሥራዎችንም እንዳበረከተ ይናገራል። ሌኦኒንና ፔሮቲን የሚሉት ሌኦንና ጴጥሮስ ከሚሉት ስሞች የወጡ የቁልምጫ ስሞች ናቸው፤ እኛ ጴጥሮስን በፍቅር አሳጥረን እንደምንጠራው ማለት ነው። ክሬግ ራይት የተባለው አሜሪካዊ የሙዚቃ ታሪክ ተመራማሪ በ1980ዎቹ የካቴድራሉን ሰነዶች አገላብጦ ሌኦኒን በ1200 አካባቢ በሕይወት የነበረ፣ ሊዮኒየስ ተብሎ የሚታወቅ የኖትር ዳም ካህንና የላቲን ባለቅኔ ሊሆን እንደሚችል አሳማኝ ማስረጃ አቅርቧል። የፔሮቲን ማንነት ግን አሁንም አከራካሪ ነው።

ዝማሬው እንዴት ያለ እንደሆነ ለማስረዳት ከፔሮቲን ባለ አራት ድምፅ ሥራዎች አንዱን፣ በገና ቅዳሴ የሚዘመረውን «ቪዴሩንት ኦምኔስ» የሚለውን እንውሰድ። ቃሉ የመዝሙረ ዳዊት ነው፤ የምድር ዳርቻዎች ሁሉ የአምላካችንን ማዳን አዩ ይላል። ከጥንት ጀምሮ በአንድ ድምፅ የሚዘመር የታወቀ ዜማ ነበረው። ፔሮቲን ይህን ዜማ አልጣለውም፤ ከሥር አስቀመጠው። አንድ ዘማሪ፣ ወይም ጥቂቶች አብረው፣ «ቪ» የሚለውን የመጀመሪያ ቀለም በአንድ ድምፅ ይይዙና አይለቁትም። ይህ የሥር ድምፅ ተኖር ይባላል፤ ዛሬ «ቴኖር» የምንለው ቃል የመጣው ከዚሁ ሲሆን ትርጉሙ «የያዘ» ማለት ነው። ከእርሱ በላይ ሦስት ዘማሪዎች እርስ በርሳቸው እየተቀባበሉ፣ እየተሻገሩ፣ አንዱ የጣለውን ሌላው እያነሣ ይሽከረከራሉ። ሦስቱም የሚንቀሳቀሱት በአንድ ጠባብ የድምፅ ክልል ውስጥ ስለሆነ ሰሚው የትኛው ድምፅ የማን እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። ምቱ በሦስት ይከፈላል፤ ረጅም አጭር፣ ረጅም አጭር እያለ ይሄዳል። ሐረጉ ሊያልቅ ሲል ድምፆቹ ሆነ ብለው ይጋጫሉ፤ ጆሮ ቅር ይለዋል፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ፍጹም ስምምነት ይወድቃሉ፤ በዚያ ዘመን ፍጹም ስምምነት የሚባሉት ኦክታቭ፣ አምስተኛውና አራተኛው ርቀት ነበሩ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ገና «ቪ» እያለ ነው። አንድ ቀለም ብቻ ከአንድ ደቂቃ በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ሥራው በሙሉ ሲዘመር ዐሥር ደቂቃ ያልፋል፤ ቃሉ በንባብ ቢሆን ግን ግማሽ ደቂቃ የሚፈጅ አይደለም።

በቅዱስ ያሬድ ዜማ ያደገ አማርኛ አንባቢ አንድን ቀለም ይዞ ማርዘሙ ላይገርመው ይችላል፤ ማኅሌት ያደረ ሰው አንድ ቃል ምን ያህል መንገድ እንደሚሄድ ያውቃል። እንግዳ የሚሆንበት ሌላው ነው፤ በአንድ ጊዜ አራት ሰዎች አራት የተለያዩ ነገሮችን መዘመራቸው፣ ይህም ስሕተት ሳይሆን ሥርዓት መሆኑ። በዜማችን ብዙ ሰው አንድ ዜማ ይዘምራል፤ በፔሮቲን ሥራ ግን ጥቂት ሰዎች ብዙ ዜማ ይዘምራሉ። አራት ሰዎች የተለያየ ነገር ይዘው አብረው እንዲደርሱ ደግሞ ጊዜን መስፈር ግድ ይላል። የኖትር ዳም ዘማሪዎች የድምፅን ከፍታ ብቻ ሳይሆን ርዝመቱንም በጽሑፍ የሚያሳይ ሥርዓት ያበጁት በዚህ አስገዳጅነት ነው፤ የኖታ ምልክቶቹ ለብቻቸው ወይም እየተያያዙ የሚጻፉበት አደራደር ምቱን ይናገራል። ዛሬ በየሙዚቃ ትምህርት ቤቱ የሚማሩት የምት አጻጻፍ ሩቅ አያቱ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ነው ተወዳጁ ማብራሪያ የሚመጣው። ማብራሪያው፣ ይህን ዝማሬ የወለደው ሕንፃው ነው ይላል። ቅስቱ 33 ሜትር ከፍ ይላል፤ የውስጡ ርዝመት ወደ 127 ሜትር ይደርሳል፤ ድምፅ ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ ብቻ ከሰከንድ ሲሶ በላይ ይፈጅበታል። በእንዲህ ያለ ቤት አንድ ሰው ብቻውን ሲዘምር የቀድሞው ድምፁ ሳይሞት አዲሱ ይደርስበታል፤ ዜማው በራሱ ላይ ይደራረባል። እንግዲያው፣ ይላሉ ይህን የሚሉት፣ ዘማሪዎቹ ሕንፃው አስቀድሞ የሠራላቸውን የብዙ ድምፅ ዝማሬ ሰምተው መልሰው ዘመሩት። በተመለሰው ካቴድራል የሚደረጉ ኮንሰርቶችን የሚያስተዋውቁ ጽሑፎች ይህን አሳብ ይወዱታል፤ ወይን ጠጅ በተወለደበት ሸለቆ ሲቀመስ ይጣፍጣል እንደማለት ነው።

አሳቡ ባዶ አይደለም። የተኖሩ ድምፅ ሳይለወጥ ስለሚቆይ ከላይ የሚሽከረከሩት ድምፆች ትተውት የሚያልፉት ቅሪት ከእርሱ ጋር አይጣላም፤ ሐረጉ በፍጹም ስምምነት ሲያበቃና ዘማሪዎቹ ትንፋሽ ሲወስዱ፣ ያ ስምምነት ለጥቂት ሰከንዶች ማንም ሳይዘምረው ከላይ ተንሳፍፎ ይቆያል። ይህን በትልቅ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን የሰማ ሰው አይረሳውም፤ ደረቅ ድምፅ ባለው ስቱዲዮ የተቀዳውን ከሰማ ደግሞ አንድ ነገር እንደጎደለ ወዲያው ይገባዋል።

ነገር ግን ምክንያትና መልካም አጋጣሚ የተለያዩ ናቸው። አንደኛ ነገር፣ የብዙ ድምፅ ዝማሬ ከኖትር ዳም በዕድሜ በጣም ይበልጣል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተጻፉ የላቲን የሙዚቃ መማሪያዎች በዜማ ላይ ሁለተኛ ድምፅ እንዴት እንደሚጨመር ያስተምራሉ፤ በ1000 አካባቢ በእንግሊዝ አገር በዊንቸስተር ከ150 በላይ ባለ ሁለት ድምፅ ዝማሬዎች ተጽፈው ነበር፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ፈረንሳይ ገዳማት የረዘመ ተኖር ያለው ዝማሬ የተለመደ ነበር። ከእነዚህ ቦታዎች አንዱም እንኳ የኖትር ዳምን ያህል ሕንፃ አልነበረውም። ሁለተኛ፣ የኖትር ዳሙ ዝማሬ ራሱ ሁልጊዜ ለማስተጋባት አይመችም። በእነዚሁ ሥራዎች ውስጥ ተኖሩ መቆሙን ትቶ ከሌሎቹ ጋር በምት መራመድ የሚጀምርባቸው ክፍሎች አሉ። የሙዚቃ ሊቃውንት ክላውዙላ የሚሏቸው እነዚህ ናቸው፤ ፔሮቲን በብዛት እንደሠራቸው የሚነገርለትም እነዚህኑ ነው። «ዶሚኑስ» ለሚለው አንድ ቃል ብቻ እንደ አማራጭ የሚዘመሩ ብዙ ክላውዙላዎች ተጽፈው ይገኛሉ። ሁሉም ድምፆች በፍጥነት በሚንቀሳቀሱባቸው በእነዚህ ክፍሎች 6 ሰከንድ የሚያስተጋባ ቤት አጋዥ መሆኑ ቀርቶ እንቅፋት ይሆናል፤ አንዱ ስምምነት ሌላውን ይረግጠዋል። ፔሮቲን ለሕንፃው ብቻ ይጽፍ ቢሆን ኖሮ ወደዚህ አቅጣጫ አይሄድም ነበር።

ሦስተኛውና ለእኔ ዋናው፣ እነዚያ ዘማሪዎች የቆሙበት ቦታ ዛሬ ኮንሰርት የሚደረግበት ክፍት አዳራሽ አለመሆኑ ነው። ካህናቱ የሚዘምሩት በምሥራቁ ክፍል፣ በመቆሚያ ወንበሮቻቸው መካከል ነበር፤ በበዓላት ቀን በጨርቅ ጌጥ የሚሸፈን፣ ዙሪያውን የታጠረ ቦታ። በ1230 ገደማ ደግሞ በዚህ ክፍልና ሕዝቡ በሚቆምበት መካከል ቅርጻ ቅርጽ የሞላበት ከፍ ያለ የድንጋይ መጋረጃ ተሠራ። ይህ ግንብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የንጉሥ ሉዊ 14ኛ ሰዎች የካቴድራሉን ውስጥ እንደ ዘመናቸው ጣዕም ሲለውጡ ፈረሰ። ማንም ያልጠበቀው ነገር የሆነው በ2022 ነው፤ አዲሱን ሾጣጣ ማማ ለማቆም የሚያስፈልገው ከባድ የብረት መወጣጫ ከመተከሉ በፊት የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ወለሉን ሲቆፍሩ የዚያ ግንብ ስብርባሪዎች ከነቀለማቸው ወጡ፤ የሰው ፊት፣ እጅ፣ የልብስ እጥፋት፣ ሰማያዊና ቀይ ቀለማቸው ገና ያልለቀቀ። ስለዚህ ሕዝቡ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የፔሮቲንን ዝማሬ ከሰማው፣ የሰማው ከግንብ ጀርባ እየፈለቀ በቅስቱ በኩል ሲመጣ ነው፤ ዘማሪዎቹ ግን እርስ በርሳቸው የሚደማመጡት በቅርብና በጠራ ድምፅ ነበር። የካትዝ ቡድን በኮምፒውተር የሠራው የድምፅ ሞዴል ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፤ የጠፋን ግንብ፣ የጠፋን መጋረጃ፣ ያልተጠናቀቀን ሕንፃ መልሶ አቁሞ ዘማሪዎች በማዳመጫ እየሰሙ እንዲዘምሩበት ማድረግ ይቻላል። የዛሬው እውነተኛ ካቴድራል፣ በጥንቃቄ ቢጠገንም፣ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

እንግዲህ ሕንፃው ብቻውን ካላስረዳ ዝማሬው በዚያ ቦታ በዚያ ጊዜ ለምን አበበ? ሰነዶቹ የሚሰጡት መልስ ውበቱ አነስ ያለ ቢሆንም ጠንካራ ነው። በ1198 የፓሪስ ጳጳስ የነበረው ኦድ ደ ሱሊ (ስሙ ቢመሳሰልም የሞሪስ ዘመድ አይደለም) በጃንዋሪ 1 ቀን ይደረግ የነበረውንና «የሞኞች በዓል» የሚባለውን ለማረም አንድ ትእዛዝ አወጣ። በዚያ ቀን ዝቅተኛ ማዕርግ ያላቸው አገልጋዮች አለቆቻቸውን እያስመሰሉ ይቀልዱ፣ ሥርዓቱን ይገለብጡ ነበር። ጳጳሱ ቀልዱን ከለከለና በምትኩ አገልግሎቱ እጅግ የከበረ እንዲሆን አዘዘ፤ ከተፈቀዱት ክብሮች መካከል አንዳንድ ክፍሎች በሁለት፣ በሦስት ወይም በአራት ድምፅ መዘመራቸው ይገኝበታል። በሚቀጥለው ዓመት ለቅዱስ እስጢፋኖስ በዓል ተመሳሳይ ትእዛዝ ወጣ። የፔሮቲን ሁለቱ ባለ አራት ድምፅ ሥራዎች ደግሞ አንዱ ለገናና ለጃንዋሪ 1፣ ሌላው ለእስጢፋኖስ በዓል የሚሆኑ ናቸው። ምሁራን ትእዛዞቹንና ዝማሬዎቹን የሚያገናኙት በዚህ ነው፤ ግምት ቢሆንም ጥሩ ግምት ነው። ትእዛዙ ሌላም ነገር ይናገራል፤ በአገልግሎቱ ለሚገኙት ገንዘብ ይመድባል። የብዙ ድምፅ ዝማሬ የሚዘምሩት ከገባር ርስት የሚኖሩት ታላላቆቹ የካቴድራሉ ካህናት አልነበሩም፤ ሌሊት እየተነሡ የሚያገለግሉ፣ በየበዓሉ የሚከፈላቸው የተካኑ ዘማሪዎች ነበሩ። ዝማሬው እንግዲህ ለበዓል ማዕርግ መለያ ነበር፤ ድምፅ በበዛ መጠን በዓሉ ከፍ ይላል፤ በዓሉ ከፍ ባለ መጠን ወጪው ይጨምራል።

ዘማሪዎቹ ምናልባትም በቃላቸው ይዘምሩ እንደነበር ራይት አሳማኝ ክርክር አቅርቧል፤ በካቴድራሉ የመጻሕፍት ዝርዝሮች ውስጥ ለመዘምራኑ መቆሚያ የተመደበ የብዙ ድምፅ መጽሐፍ አይገኝም፤ የሌሊቱ ጨለማም ለንባብ አይመችም። «ታላቁ መጽሐፍ» የተረፈልንም ከኖትር ዳም ውጭ ነው። ዋናው ቅጂ፣ በፓሪስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ የተዘጋጀው፣ ዛሬ በጣልያን በፊሬንዜ በሜዲቺዎች ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ለስኮትላንዱ ለቅዱስ እንድርያስ ካቴድራል የተጻፈው ሌላው ቅጂ በጀርመን በቮልፈንቡትል አለ፤ አንዱም በማድሪድ አለ። በሌላ አነጋገር ዝማሬው ከሕንፃው ተነቅሎ ሄዶ በሌላ አገር፣ በሌላ ማስተጋባት፣ በሌሎች አፍ ሲዘመር ነበር፤ እኛም ልናውቀው የቻልነው ስለሄደ ነው። ሁሉም ሰው አልወደደውም ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 22ኛ በ1324 እና 25 አካባቢ ከአቪኞ ባወጡት ድንጋጌ ዘማሪዎች ዜማውን እየቆራረጡ ጆሮ ያሰክራሉ እንጂ ነፍስ አያረጋጉም ብለው ነቀፉ፤ በበዓላት ቀን ከዜማው ጋር ኦክታቭ፣ አምስተኛና አራተኛ ብቻ ቢጨመር እንደማይከለክሉም አስታወቁ።

ወደ ዛሬው ስንመለስ፣ የዛሬው የኖትር ዳም ጉዳይ በአብዛኛው የገንዘብና የሰው ጉዳይ መሆኑ አያስገርምም። ካቴድራሉ ሊከፈት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ የፈረንሳይ የባህል ሚኒስትር ራሺዳ ዳቲ ለጎብኚዎች የ5 ዩሮ መግቢያ እንዲከፈል አሳብ አቀረቡ፤ ገቢው በአገሪቱ ለሚፈራርሱ ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ጥገና እንዲውል ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ ግን በነጻ የሚገባበት የጸሎት ቤት ነው ብላ አልተቀበለችውም። ክርክሩ ስለ ድንጋይ ነበር፤ ስለ ዘማሪዎች የተናገረ ብዙም አልነበረም። የካቴድራሉን ሙዚቃ የሚመራው ድርጅት በ1991 በመንግሥት፣ በፓሪስ ከተማና በሀገረ ስብከቱ ተባብሮ የተቋቋመ ሲሆን ሕፃናትን፣ ወጣቶችንና ባለሙያ ሊሆኑ የሚያጠኑ ዘማሪዎችን ያሠለጥናል። ካቴድራሉ ሲቃጠል እነዚህ ሰዎች ሕንፃቸውን አጡ፤ በሌሎች የፓሪስ አብያተ ክርስቲያናት እየተዘዋወሩ መዘመር ግን ቀጠሉ። አምስት ዓመት ተኩል ለሕንፃ አጭር ጊዜ ነው። በዘጠኝ ዓመቱ የገባ ልጅ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ድምፁ ይጎረንናል፤ በሶፕራኖ ጀምሮ አንድም ቀን በኖትር ዳም ሳይዘምር ሊወጣ ይችላል። ይህን ክፍተት የሚሞላ የኦክ ግንድ ከየትም ጫካ አይቆረጥም፤ የሚሞላው ከእርሱ የሚበልጡት ለእርሱ፣ እርሱም ለሚከተሉት በየሳምንቱ ሲያስተላልፉ ነው።

ትልቁ ኦርጋን ከሞላ ጎደል 8,000 ቧንቧዎቹ ወርደው ከእርሳስ ብናኝ ተጠርገው፣ ከዚያም አንድ በአንድ ተቃኝተው ተመለሱ፤ ለቅኝቱ ብቻ ብዙ ወራት ሌሊት ሌሊት ተሠራ፤ ቀን ቀን ሠራተኞች ስለሚያንኳኩ። ለዚህ በጀት ነበረ፣ ጊዜ ተወስኖለት ነበር፣ ሲጠናቀቅም በዓለም ዜና ተነገረለት። የዘማሪዎች ሥልጠና እንዲህ ያለ የመጨረሻ ቀን የለውም፤ ስለዚህም ዜና አይሆንም።

በዲሴምበር 2020፣ ጥገናው ገና ሳይጀመር የማረጋጋቱ ሥራ እየተካሄደ ሳለ፣ ጥቂት የካቴድራሉ ዘማሪዎች ለገና የሚሆን ዝማሬ እዚያው ውስጥ ቀድተው ነበር። እንደ ግንባታ ሠራተኛ የመከላከያ ልብስ ለብሰው፣ የራስ ቁር ደፍተው፣ ተራርቀው ቆመው ነበር፤ ከላያቸው ቅስቱ ተበስቷል፣ ዙሪያቸውን መወጣጫና ብረት ሞልቷል፣ የሚሰማቸው ሕዝብም በፊታቸው አልነበረም። በ1198 ገና ማለዳ ያን አዲስ ባለ አራት ድምፅ ዝማሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የዘመሩት ሰዎችም፣ ግምቱ ትክክል ከሆነ፣ ከጀርባቸው ያልተጠናቀቀ ግንብና የተከመረ ድንጋይ ነበር፤ አንዱ «ቪ» ብሎ ይይዛል፣ ሦስቱ ትንፋሽ ይወስዱና ይነሣሉ።